ልዩ ፖሊኖሚያሎችን ፋክተር ማድረግ፦ ከመለየት እስከ ማረጋገጥ

ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ) የሚለውን ፎርሙላ ብዙ ተማሪ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ አይስተውም። 50ቀ² − 18 ሲሰጠው ግን እስክሪብቶውን ይዞ ይቀራል። 50 ሙሉ ካሬ አይደለም፣ 18ም አይደለም። «ይሄ በፎርሙላው አይሠራም» ብሎ ያልፈዋል።

ግን ይሠራል። ከሁለቱም ላይ 2 ስናወጣ 2(25ቀ² − 9) እናገኛለን። 25ቀ² የ5ቀ ካሬ ነው፣ 9 ደግሞ የ3 ካሬ ነው። ስለዚህ መልሱ 2(5ቀ − 3)(5ቀ + 3) ይሆናል። ተማሪው ያጣው ፎርሙላውን አልነበረም። ሀ የሚባለው ማን እንደሆነ ማየት ነው ያቃተው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምይዘውም ይህንኑ ነው። ልዩ ፖሊኖሚያሎች (በታወቀ ፎርሙላ ወደ ብዜት የሚለወጡት) ላይ ዋናው ሥራ «ሀ ማን ነው? ለ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ ቦታው ላይ ማስገባት ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሀ እና ለ የፎርሙላ ፊደሎች ናቸው። ቀ እና ተ ደግሞ ጥያቄው ውስጥ የምናገኛቸው ተለዋዋጮች ናቸው። «ፋክተር እናድርግ» ስንል የተደማመረውን ወይም የተቀናነሰውን ነገር ወደ ብዜት መልሰን እንጻፍ ማለታችን ነው፤ «መበተን» ስንልም ይህንኑ ነው። ለየት ብሎ ካልተነገረ በቀር ኮፊሸንቶቹ (ከተለዋዋጮቹ ፊት ያሉት ቁጥሮች) ሙሉ ቁጥሮች ሆነው፣ ከዚያ በላይ ሊበተን እስከማይችል ድረስ እንሄዳለን።

ይህን ሁሉ ለምን እንደክማለን? ሁለት ነገሮች ተባዝተው 0 ከሰጡ ከሁለቱ አንዱ የግድ 0 ነው። እኩልታ መፍታት በአብዛኛው የሚቆመው በዚህች ሐቅ ላይ ነው። ድምር ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም።

በቅድሚያ በቃል መያዝ ያለባቸው

ሽምደዳ አልወድም። እነዚህን ቁጥሮች ግን ያዟቸው፤ ዓይናችሁ ቅርጹን ቶሎ የሚለየው በእነሱ ነው።

ካሬዎች፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81፣ 100፣ 121፣ 144፣ 169፣ 196፣ 225።

ኩቦች፦ 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343፣ 512፣ 729፣ 1000።

ተለዋዋጮቹ ደግሞ ከቁጥሮቹ ይቀላሉ። ፓወሩ ለ2 የሚካፈል ከሆነ ካሬ ነው፤ ቀ⁸ የቀ⁴ ካሬ ነው። ለ3 የሚካፈል ከሆነ ኩብ ነው፤ ቀ⁹ የቀ³ ኩብ ነው። ቀ⁶ ሁለቱንም ነው፤ 64ም እንዲሁ። ይህን አስታውሱ፤ በኋላ ቀ⁶ − 64 ላይ ያስፈልገናል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። 16 ካሬ ነው ማለት ቀ¹⁶ የቀ⁴ ካሬ ነው ማለት አይደለም። ቀ¹⁶ የቀ⁸ ካሬ ነው። የቁጥሩን ስኩዌር ሩት እናወጣለን፤ ፓወሩን ግን ለ2 እናካፍላለን።

አንደኛ፦ የጋራውን አውጡ

ምንም ዓይነት ጥያቄ ይምጣ፣ መጀመሪያ ሁሉም ተርሞች (በፕላስ ወይም በማይነስ የተለያዩት ክፍሎች) የሚጋሩትን ትልቁን አካፋይ አውጡ። 12ቀ³ − 75ቀ ሲታይ ከካሬዎች ልዩነት ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። 3ቀ ሲወጣ ግን 3ቀ(4ቀ² − 25) ይሆንና ቅንፉ ውስጥ ያለው ነገር ራሱን ያጋልጣል። መልሱ 3ቀ(2ቀ − 5)(2ቀ + 5) ነው። መጨረሻ ላይ ሰዎች 3ቀ የምትለውን ይረሷታል። ያወጣችሁት ነገር እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አብሯችሁ መሄድ አለበት።

የመጀመሪያው ተርም ኔጌቲቭ ከሆነ −1 አብራችሁ አውጡ። −ቀ² + 14ቀ − 49 ሲሰጣችሁ −(ቀ² − 14ቀ + 49) ብላችሁ ጻፉት። አሁን ቅንፉ ውስጥ ያለው (ቀ − 7)² እንደሆነ ለማየት ጊዜ አይፈጅም። መልሱ −(ቀ − 7)² ነው።

ሁለተኛ፦ ተርሞቹን ቁጠሩ

የተርሞቹ ብዛት ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። ሁለት ከሆኑ የካሬዎች ልዩነት ወይም የኩቦች ድምርና ልዩነት ነው። ሦስት ከሆኑ ሙሉ ካሬ መሆኑን መርምሩ። አራት ከሆኑ መቧደን ነው።

ሁለት ተርም፦ የካሬዎች ልዩነት

ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ)

ለምን እውነት ሆነ? ቀኙን አባዙት። ሀ² + ሀለ − ሀለ − ለ² ይመጣል። መሃል ያሉት ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ ይጣፋሉ። በወረቀትም ማየት ይቻላል። ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ ቁረጡ። ከአንዱ ማዕዘን ጎኑ ለ የሆነ ትንሽ ካሬ ቆርጣችሁ ጣሉ። የቀረውን ቁራጭ አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ሁለት ሬክታንግል ታገኛላችሁ፦ አንዱ ሀ በ(ሀ − ለ)፣ ሌላው ለ በ(ሀ − ለ)። የጋራ ጎናቸውን ስታገጣጥሙ ርዝመቱ ሀ + ለ፣ ወርዱ ሀ − ለ የሆነ አንድ ሬክታንግል ይሆናል። አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት ፎርሙላው ከአእምሯችሁ አይጠፋም።

በቁጥርም ይሠራል። 47 × 53 ስንት ነው? (50 − 3)(50 + 3) ስለሆነ 2500 − 9፣ ማለትም 2491 ነው።

አሁን 9ቀ² − 64ን እንሥራ። ሀ = 3ቀ፣ ለ = 8 ብላችሁ ጎን ላይ ጻፉ። ይህቺን መስመር አትዝለሏት። መልሱ (3ቀ − 8)(3ቀ + 8) ነው።

ሀ ሁልጊዜ አንድ ፊደል ላይሆን ይችላል። በ(ቀ + 3)² − 16 ውስጥ ሀ ማን ነው? ቅንፉ በሙሉ፣ ማለትም ቀ + 3 ነው። ለ ደግሞ 4 ነው። ስለዚህ (ቀ + 3 − 4)(ቀ + 3 + 4)፣ ሲስተካከል (ቀ − 1)(ቀ + 7) ይሆናል። ይህን በቀላሉ የሚሠራ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ከበተናችሁ በኋላም መልሳችሁ እዩ። ቀ⁴ − 81 መጀመሪያ (ቀ² − 9)(ቀ² + 9) ይሰጣል። እዚህ የሚያቆም ብዙ ነው። ቀ² − 9 ራሱ የካሬዎች ልዩነት ስለሆነ ሙሉው መልስ (ቀ − 3)(ቀ + 3)(ቀ² + 9) ነው።

ቀ² + 9ስ? የካሬዎች ድምር ነው፤ በሪል ቁጥሮች አይበተንም። (ቀ + 3)² ብሎ መጻፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ ያ ሲባዛ መሃሉ ላይ 6ቀ ይዞ ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማንኛውም ሪል ቁጥር ካሬ ከ0 አያንስም፤ 9 ሲደመርበት ደግሞ መቼም 0 አይሆንም። ቀ − 5ን የመሰለ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ ቀ = 5 ላይ 0 መሆን ነበረበት።

ቀ² − 7 ደግሞ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው። በሙሉ ቁጥሮች አይበተንም። ሩት ከተፈቀደ ግን (ቀ − √7)(ቀ + √7) ነው። የትኛው እንደሚፈለግ ከጥያቄው መመሪያ ላይ እዩ።

ክፍልፋይ ስታቃልሉ ደግሞ ምልክት እንዳያምታታችሁ። (9 − ቀ²) ÷ (ቀ − 3) ሲሰጣችሁ ላይኛው (3 − ቀ)(3 + ቀ) ነው። 3 − ቀ ማለት −(ቀ − 3) ስለሆነ ተጣፍቶ −(ቀ + 3) ይቀራል፤ ይህ ታዲያ ቀ ከ3 የተለየ ሲሆን ነው።

ሁለት ተርም፦ ኩቦች

ሀ³ + ለ³ = (ሀ + ለ)(ሀ² − ሀለ + ለ²)

ሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀለ + ለ²)

ተማሪን በጣም የሚያስፈሩት እነዚህ ናቸው። ግን የሚያምታታው ምልክቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቅንፍ የጥያቄውን ምልክት እንዳለ ይወስዳል። የሁለተኛው ቅንፍ መሃል ተቃራኒውን ይይዛል። መጨረሻው ሁልጊዜ ፕላስ ነው።

8ቀ³ + 27ን ደረጃ በደረጃ እንይ። ሀ = 2ቀ፣ ለ = 3። አሁን ሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ የሚገቡትን ለየብቻ አስሏቸው፦

ሀ² = 4ቀ²
ሀለ = 6ቀ
ለ² = 9

ስለዚህ መልሱ (2ቀ + 3)(4ቀ² − 6ቀ + 9) ነው። እናባዛው፦

8ቀ³ − 12ቀ² + 18ቀ + 12ቀ² − 18ቀ + 27

−12ቀ² እና +12ቀ² ተጣፉ። +18ቀ እና −18ቀም ተጣፉ። የቀረው 8ቀ³ + 27 ብቻ ነው። የመሃሉ ምልክት ለምን ተቃራኒ መሆን እንዳለበት እዚህ ላይ ይታያል። ፕላስ ብታደርጉት የሚጣፋ ነገር አይኖርም።

ሁለት ስህተቶች እዚህ ቦታ በብዛት ይታያሉ። አንደኛው ሀ²ን ሲያሰሉ 2ቀ² ብሎ መጻፍ ነው። የሚጠየቀው (2ቀ)² ስለሆነ 2ቷም ካሬ ትሆናለች። ሁለተኛው የመሃሉን ተርም 2ሀለ ማድረግ ነው። ያ የሙሉ ካሬ ልማድ ነው። እዚህ ሀለ ብቻ ነው፤ 2 የለችም። በዚህም የተነሳ 4ቀ² − 6ቀ + 9 ሙሉ ካሬ አይደለም። ከዚያ በላይም አይበተንም። ዲስክሪሚናንቱን፣ ማለትም ከመሃሉ ኮፊሸንት ካሬ ላይ የሁለቱን ጫፍ ቁጥሮች ብዜት 4 ጊዜ ቀንሳችሁ አስሉት፦ 36 − 4 × 4 × 9 = 36 − 144 = −108። ኔጌቲቭ ነው፤ እዚያው ተዉት።

(ሀ − ለ)³ እና ሀ³ − ለ³ አንድ የሚመስለው ሰው ካለ በ5 እና በ2 ይሞክር። (5 − 2)³ = 27። 125 − 8 = 117። ጭራሽ አይገናኙም።

ካሬም ኩብም ሲሆን

ቀ⁶ − 64 ሁለት በር አለው። የትኛውን እንክፈት?

በካሬ ከጀመርን (ቀ³ − 8)(ቀ³ + 8) እናገኛለን። ሁለቱንም በኩብ ስንበትናቸው፦

(ቀ − 2)(ቀ² + 2ቀ + 4)(ቀ + 2)(ቀ² − 2ቀ + 4)

በኩብ ከጀመርን ደግሞ (ቀ² − 4)(ቀ⁴ + 4ቀ² + 16) ይመጣል። የመጀመሪያው ቅንፍ ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ልዩነት ሆኖ ሁለቱም ከሆነ በካሬ ጀምሩ።

ድምር ሲሆን ግን የካሬው በር ዝግ ነው። ቀ⁶ + 64 የካሬዎች ድምር ስለሆነ አይበተንም ብሎ የሚተወው አለ። እንደ ኩብ ስታዩት ሀ = ቀ²፣ ለ = 4 ሆኖ (ቀ² + 4)(ቀ⁴ − 4ቀ² + 16) ይሆናል። «የካሬ ድምር አይበተንም» የሚለው ሕግ ቀ² + 9ን ለመሰሉት እንጂ ከፍ ላለ ፓወር ሁሉ አይሠራም።

ሦስት ተርም፦ ሙሉ ካሬ

ሀ² + 2ሀለ + ለ² = (ሀ + ለ)²

ሀ² − 2ሀለ + ለ² = (ሀ − ለ)²

እዚህ ላይ ዳኛው መሃሉ ነው። ጫፎቹ ካሬ መሆናቸው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። 9ቀ² − 30ቀ + 25ን ውሰዱ። ከጫፎቹ ሀ = 3ቀ፣ ለ = 5 ይወጣል። አሁን መሃሉን ሳታዩ ራሳችሁ አስሉት፦ 2 × 3ቀ × 5 = 30ቀ። ከተሰጠው ጋር ገጠመ። ምልክቱ ማይነስ ስለሆነ (3ቀ − 5)² ነው።

4ቀ² + 13ቀ + 9ስ? ጫፎቹ ካሬ ናቸው፤ ሀ = 2ቀ፣ ለ = 3። መሃሉ መሆን የነበረበት 12ቀ ነው። የተሰጠው ግን 13ቀ ነው። ስለዚህ ሙሉ ካሬ አይደለም። በተለመደው መንገድ ሲሠራ (4ቀ + 9)(ቀ + 1) ይሆናል። በአንድ ቁጥር ልዩነት ሌላ ጥያቄ ሆነ። ፈተና አውጪዎች ይህችን ቦታ ይወዷታል።

የመጨረሻው ተርም ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ማስላትም አያስፈልግም። ቀ² + 6ቀ − 9 ሙሉ ካሬ ሊሆን አይችልም፤ ለ² ኔጌቲቭ አይሆንማ።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልኽዋሪዝሚ ይህን ቅርጽ ሆን ብሎ በመፍጠር ነበር እኩልታ የሚፈታው። አንዱ የታወቀ ጥያቄው ዛሬ በምንጽፈው መልክ ቀ² + 10ቀ = 39 ነው። ግራው ሙሉ ካሬ ለመሆን የጎደለው 25 ነው። በሁለቱም በኩል 25 ስንጨምር (ቀ + 5)² = 64 ይሆናል። እሱ ይህን ያሳየው በፊደል ሳይሆን ካሬ ስሎ፣ የጎደለውን ማዕዘን በመሙላት ነው። እኛ ደግሞ 64ን ወደ ግራ ብንወስደው (ቀ + 5)² − 8² የካሬዎች ልዩነት ነው፦ (ቀ − 3)(ቀ + 13) = 0። መልሶቹ 3 እና −13 ናቸው። እሱ የተቀበለው 3ን ብቻ ነበር።

የጎደለውን ጨምሮ መልሶ መቀነስ

ይህ ዘዴ በጣም ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት። ቀ⁴ + 4 ይበተናል? ሁለት ካሬዎች ተደምረዋል። ሁለቱም ኩብ አይደሉም። የጋራ ነገር የላቸውም። ግን እንደ ሙሉ ካሬ ጫፎች እንያቸው። ሀ = ቀ²፣ ለ = 2። መሃሉ ላይ የጎደለው 2 × ቀ² × 2 = 4ቀ² ነው። እንጨምረው፤ እሴቱ እንዳይለወጥ መልሰን እንቀንሰው፦

ቀ⁴ + 4ቀ² + 4 − 4ቀ²

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ (ቀ² + 2)² ናቸው። የቀረው (2ቀ)² ነው። የካሬዎች ልዩነት ሆነ!

(ቀ² + 2 − 2ቀ)(ቀ² + 2 + 2ቀ)

ሀ⁴ + 4ለ⁴ የሚለው አጠቃላይ ቅርጽ ከ1776 እስከ 1831 በኖረችው ፈረንሳዊቷ የሒሳብ ሊቅ በሶፊ ዠርሜን ስም ይጠራል። የሚሠራው የምንቀንሰው ነገር ራሱ ካሬ ሲሆን ነው። ቀደም ብለን ያላለቀው ያልነው ቀ⁴ + 4ቀ² + 16 የሚበተነውም በዚሁ ነው። ሙሉ ካሬ ለመሆን 8ቀ² ይፈልጋል፤ ያለው 4ቀ² ነው። 4ቀ² ጨምሩና ቀንሱ፦ (ቀ² + 4)² − (2ቀ)²። ከዚያ በካሬ ስንጀምር ያገኘናቸው ሁለቱ ቅንፎች ይወጣሉ።

አራት ተርም፦ መቧደን

ብዙውን ጊዜ ሁለት ለሁለት ነው። ቀ³ + 3ቀ² − 4ቀ − 12 ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀ² አውጡ፤ ከቀሪዎቹ −4። ቀ²(ቀ + 3) − 4(ቀ + 3) ይሆናል። የጋራው ቅንፍ ሲወጣ (ቀ + 3)(ቀ² − 4)፣ በመጨረሻም (ቀ + 3)(ቀ − 2)(ቀ + 2)። −4ን ስታወጡ −12 ወደ +3 መለወጡን አስተውሉ።

ሁለት ለሁለት እምቢ ካለ ሦስት ለአንድ ሞክሩ። ቀ² + 6ቀ + 9 − ተ² ውስጥ ሦስቱ ሙሉ ካሬ ናቸው። (ቀ + 3)² − ተ² ስለሆነ (ቀ + 3 − ተ)(ቀ + 3 + ተ) ነው።

መልሱን ማረጋገጥ

አስተማማኙ መንገድ መልሶ ማባዛት ነው። ፈተና ላይ ጊዜ ካጠረ ቁጥር አስገቡ። 8ቀ³ + 27 ላይ ቀ = 2 ስናስገባ 64 + 27 = 91። መልሳችን (2ቀ + 3)(4ቀ² − 6ቀ + 9) ደግሞ 7 × 13 = 91። ገጠመ። ምልክቱን ስተን +6ቀ ብለን ቢሆን ኖሮ 7 × 37 = 259 ይመጣና ወዲያው እንነቃ ነበር።

0ን አታስገቡ። የተሳሳተውም መልስ 0 ላይ 27 ይሰጣልና አያጋልጠውም። 1ም የፓወር ስህተትን ይደብቃል፤ 1 ካሬም ኩብም ሲሆን ያው 1 ነው። ደግሞ ቁጥር ማስገባት እኩልነቱን እንጂ መጨረሻ ድረስ መበተናችሁን አይነግራችሁም። ያን የምታውቁት እያንዳንዱን ቅንፍ መልሳችሁ ስታዩ ነው። ለምሳሌ 2ቀ⁵ − 4ቀ³ + 2ቀ፦

2ቀ(ቀ⁴ − 2ቀ² + 1)
2ቀ(ቀ² − 1)²
2ቀ(ቀ − 1)²(ቀ + 1)²

ሁለተኛው መስመር ትክክል ነው፤ ግን አላለቀም።

ሞክሩት

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሀ እና ለ ማን እንደሆኑ ጻፉ።

1. 75ቀ² − 12
2. 16ቀ² + 56ቀ + 49
3. 25ቀ² − 35ቀ + 49
4. 54ቀ⁴ + 16ቀ
5. ተ² − ቀ² + 8ቀ − 16
6. ቀ⁴ + 64

መልሶች፦

1. 3(5ቀ − 2)(5ቀ + 2)።
2. (4ቀ + 7)²።
3. አይበተንም። ሙሉ ካሬ ለመሆን መሃሉ 70ቀ መሆን ነበረበት። ይህ የ125ቀ³ + 343 ሁለተኛ ቅንፍ ነው።
4. 2ቀ(3ቀ + 2)(9ቀ² − 6ቀ + 4)።
5. የመጨረሻዎቹ ሦስቱ −(ቀ − 4)² ናቸው። ስለዚህ (ተ − ቀ + 4)(ተ + ቀ − 4)።
6. 16ቀ² ጨምራችሁ ቀንሱ፦ (ቀ² + 8)² − (4ቀ)²። ውጤቱ (ቀ² − 4ቀ + 8)(ቀ² + 4ቀ + 8)።